ልጄ ዘላለምን ትፈራለች፤ ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ «አባቴ ካረፈ ወዲህ የ11 ዓመት ልጄ ማታ ማታ ዘላለምን እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች። “እማዬ፣ ሺህ ዓመት አልቆ ሌላ ሺህ፣ እሱም አልቆ ሌላ ሺህ… ከዚያስ?” ትለኛለች። መንግሥተ ሰማያት ደስ የሚል ቦታ ነው፣ ከመላእክት ጋር እየዘመርን እንኖራለን ብላት “ሁልጊዜ? ሳያልቅ?” ብላ ጭራሽ አለቀሰች። የአርባው ተዝካር ዕለት ደግሞ “አያቴ አሁን መንግሥተ ሰማያት ገብቷል?” አለችኝ፤ አዎ አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳስበው ይጨንቀኛል። ዘላለም ማለት የማያልቅ ዘመን ነው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው? ይህ ፍርሃት የእምነት ጉድለት ይሆን?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ የእምነት ጉድለት አይደለም። ልጅዎ የተነገራትን ይዛ በትክክል አሰበች፤ የደረሰችበት ቦታ ግን አስፈራት። ዘላለም ማለት በዓመት ላይ ዓመት መደመር ነው ከተባለ ድምሩ የትም አያደርስም፤ አዋቂውንም ያስጨንቃል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ ተከራክሮበታል። ሰው ያው ሰው ሆኖ፣ ያው ጠባዩንና ያው ፍላጎቱን ይዞ ሳይሞት ቢኖር መሰልቸቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አለመሞት የሚመኙት ነገር አይደለም አለ። የ11 ዓመት ልጅ አልጋዋ ላይ ሆና እዚያው መድረሷ አይግረምዎ። የተሳሳተው የተሰጣት መነሻ ነው።

ክርስትና ዘላለምን በርዝመት አይለካም። «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ» ብለን እንመራረቃለን፤ ዘፍጥረት 5 ግን የማቱሳላን 969 ዓመት ከነገረን በኋላ የሚጨምረው «ሞተም» የሚል ብቻ ነው። ዕድሜው በሺህ ቢባዛ፣ እንዲያውም ጭራሽ ባይሞት፣ መጽሐፍ ቅዱስ የዘላለም ሕይወት የሚለው እሱን አይሆንም። ጌታ ራሱ በዮሐንስ ወንጌል 17፥3 ምን እንደሆነ ተናግሯል፦ «እውነተኛ አምላክ ብቻ የሆንህ አንተን የላክኸውንም ኢየሱስ ክርስቶስን ያውቁ ዘንድ ይህች የዘላለም ሕይወት ናት።» እዚህ ውስጥ ዓመት አልተጠቀሰም፤ ቦታም አልተጠቀሰም። የተጠቀሰው ማወቅ ነው፤ ያውም ትምህርት እንደሚያጠኑት ሳይሆን ሰው አብሮት የሚኖረውን ወዳጁን እንደሚያውቀው። ይህ ሕይወት የማያልቀው የሚታወቀው አምላክ ስለማያልቅ ነው። አለማለቁ ከዚህ የሚከተል ነገር ሆኖ ሳለ እኛ ብዙ ጊዜ ዋናውን ትተን ከእሱ እንጀምራለን፤ ልጆችም የሚፈሩት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የእግዚአብሔርን ዘላለማዊነትና የእኛን የዘላለም ሕይወት አንድ አድርጎ ማሰብ ነው። መምህራኖቻችን «የባሕርይ» እና «የጸጋ» ብለው የሚለዩት ለዚህ ነው። እግዚአብሔር ጥንትም ፍጻሜም የለውም፤ ሕይወቱን ከማንም አልተቀበለም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «እርሱ ብቻ የማይሞት ነው» ብሎ ሲጽፍ (1ኛ ጢሞ. 6፥16)፣ መላእክትም ነፍሳትም አይሞቱም እየተባለ «ብቻ» ማለቱ ያስጠይቃል። የእርሱ አለመሞት የባሕርይ ነው፣ የእነርሱ የተሰጠ ነው። ልጅዎ የተወለደችበት ቀን አላት፤ መቼም ቢሆን እግዚአብሔር ዘላለማዊ በሆነበት መንገድ ዘላለማዊ አትሆንም። ዘላለምን በራሷ ጉልበት መሸከም አይጠበቅባትም፤ ሕይወቷን የሚሰጣትም የሚያቆያትም ሌላ ነው። ይህን ነጥብ በደንብ ይያዙት፤ ለእርስዎም ጭንቀት የሚሆን መልስ ያለው እዚህ ነው።

ወደ እግዚአብሔር ዘላለማዊነት ስንመጣ፣ የአበው ትምህርት የሚነሣው ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው ከሚለው ነው። ለዚህ እንደ ባሕረ ሐሳብ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት፣ ያለ ማሳያ አላውቅም። 2018 ዓ.ም. ሲጠባ ሊቃውንቱ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረውን 5500 ደምረውበት 7518 ዓመተ ዓለም አሉ፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ሆነ። ይኸው ስሌት አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፍለዋል፣ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት፣ እንዲህ እያለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። ለጥቃቅኑ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ስሌት ወደ ኋላ ሲሄድ ዓመተ ዓለም አንድ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት አለፈ ብሎ የሚያሰላ የለም፤ የሚቆጠር ዘመን አልነበረምና።

የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተጋፈጠው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ሳይፈጥር በፊት ምን ይሠራ ነበር? በጊዜው «እንዲህ ለሚመራመሩ ሰዎች ገሃነም ያዘጋጅ ነበር» የሚል የቀልድ መልስ ይነገር ነበር። እርሱ ግን በጠያቂው መሳቅ መልስ አይደለም ብሎ አልተቀበለውም፤ ለወላጆችም ለሰባክያንም የሚሆን ልማድ ነው። መልሱ ጊዜን የፈጠረው እግዚአብሔር ከሆነ ከፍጥረት በፊት «ያን ጊዜ» ሊባል አይችልም የሚል ነው። ልጅዎም አንድ ቀን ይህን መጠየቋ አይቀርም፤ ያን ቀን እኔ የምጨምረው ዮሐንስ 17፥24ን ነው። አብ ወልድን ዓለም ሳይፈጠር ይወደው ነበር። ባዶነት አልነበረም፣ ብቸኝነትም አልነበረም።

የአውግስጢኖስን ምሳሌ ዳዊት የሚደግም ሰው ይረዳዋል። መዝሙሩን በቃሉ የያዘ ሰው ሊጀምር ሲል ሁሉም ከፊቱ ነው፤ እየደገመ ሲሄድ የተባለው ወደ ትዝታ ያልፋል፣ ያልተባለው ይጠበቃል፤ ልቡ ባለፈውና በሚመጣው መካከል ተከፍሎ ይጨርሰዋል። የሰው ዕድሜ በሙሉ እንዲህ ነው፤ እግዚአብሔር ግን እንዲህ ተከፍሎ አያውቅም። ቦኤትዮስ የተባለው የሮም ባለሥልጣን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ524 ገደማ፣ ሞቱን በእስር ቤት ሲጠብቅ፣ ዘላለማዊነት ማለት የማያልቅን ሕይወት ሁሉንም በአንድነት፣ በሙላትና በፍጹምነት መያዝ ነው ብሎ ጻፈ። መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ዘመን እንኳ ይህን አያሟላም ባይ ነው፤ ትናንት አምልጦታል፣ ነገ ገና አልደረሰውም። የምዕራቡ ነገረ መለኮት እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚህ ትርጓሜ ነው።

ሁሉም ክርስቲያን በዚህ ይስማማል ብዬ ግን አላታልልዎትም። ኒኮላስ ዎልተርስቶርፍ የተባለው የፕሮቴስታንት ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1975 የመጽሐፍ ቅዱስ አምላክ ጸሎት ሰምቶ የሚመልስ፣ ተስፋ ሰጥቶ የሚፈጽም ነው፤ ስለዚህ ጥንትና ፍጻሜ የለውም እንጂ ከጊዜ ውጭ ነው አይባልም ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ግን የቤተ ክርስቲያን የሁለት ልደት ትምህርት ነው፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት። አንዱ ልደት ዘመን አይቆጠርለትም፤ ሁለተኛው አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ ባስቆጠረበት ዘመን በቤተ ልሔም ሆነ። ዘመን የማይወስነው አምላክ በዘመን ውስጥ ገብቶ ሊሠራ፣ ሊሰማና ሊያለቅስ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ነገሩ የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነም ይወቁ። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ስለ ወልድ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ያወገዙት ይህንኑ ቃል ነው። በየቅዳሴው «ዓለም ሳይፈጠር ከእርሱ ጋር የነበረ» የምንለው፣ በ381 በቁስጥንጥንያ ከጸናው «ለመንግሥቱም ፍጻሜ የለውም» ጋር፣ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው። ወልድ ፍጡር ቢሆን ኖሮ የዘላለም ሕይወት ሊሰጠን ባልቻለ፤ እርሱም እንደ እኛ ተቀባይ በሆነ ነበር።

«በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት» የሚለውን ጥቅስ (2ኛ ጴጥ. 3፥8) እንደ ምንዛሪ አይጠቀሙበት። ልጅዎ ሺህ እያለች የምትቆጥረው ከዚህ ሰምታ ሊሆን ይችላል። ለአዳም የተነገረው አምስት ቀን ተኩል 5500 ዓመት ሆኖ የተተረጎመው በዚህ መንገድ መሆኑ እውነት ነው፤ ያ ግን የተስፋው ዘመን መቁጠሪያ ነው እንጂ የእግዚአብሔር ዕድሜ መለኪያ አይደለም። ጥቅሱ ራሱ «ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን» ብሎ ሲገለብጠው ስሌቱ ይፈርሳል። ጴጥሮስ የጻፈው ጌታ ዘገየ ለሚሉ ሰዎች ነው፤ መልእክቱ ትዕግሥቱን አትናቁ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሕይወት። እዚህ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሳሳቱ አሉ፤ «እዚያ ጊዜ የሚባል ነገር የለም» ብለው ይገላገላሉ። ለልጅ ሲነገር ደግሞ ሁሉ ነገር የቆመበት፣ ፎቶግራፍ የመሰለ ቦታ ይታያታል፤ ከመጀመሪያው ፍርሃት አይሻልም። ራእየ ዮሐንስ እንዲህ አይልም። በ8፥1 በሰማይ ግማሽ ሰዓት የሚያህል ዝምታ ሆነ ይላል። በ22፥2 የሕይወት ዛፍ በየወሩ እያፈራ አሥራ ሁለት ፍሬ ይሰጣል። በ21፥24 የምድር ነገሥታት ክብራቸውን ወደ ከተማይቱ ያመጣሉ። ራእይ ነውና ቃል በቃል ወር አለ ብዬ አልከራከርም፤ ዮሐንስ ያየው ግን የደረቀ ነገር አይደለም። ከተማ ነው፣ ወንዝ አለው፣ የሚያፈራ አለው፣ የሚገባ አለው። ዘላለማዊነትን በባሕርዩ የያዘው እግዚአብሔር ብቻ ስለሆነ ፍጡር ፍጡር ሆኖ ይቀጥላል፤ በአካሉ ተነሥቶ፣ በስሙ ተጠርቶ።

አይሰለችም ወይ? ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጠው የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ይመስለኛል። ሙሴን ይመለከታል፦ ሙሴ እግዚአብሔርን በሚነደው ቁጥቋጦ አይቷል፣ ወደ ደመናው ገብቷል፣ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንደሚነጋገር ፊት ለፊት ተነጋግሯል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጠይቀው «ክብርህን አሳየኝ» ብሎ ነው (ዘጸ. 33፥18)። ያየ ሰው ጠገበ ሲባል ገና ጨምሮ ይመኛል። ጎርጎርዮስ ከዚህ ተነሥቶ እግዚአብሔር ዳርቻ ስለሌለው እርሱን ማወቅም ዳርቻ የለውም፤ ነፍስ እየጠገበች እየተራበች ሁልጊዜ ወደ ፊት ትዘረጋለች ይላል፤ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ 3፥13 «በፊቴ ያለውን ለመያዝ እዘረጋለሁ» ያለውን ይጠቅሳል። ሰው የሚሰለቸው ነገሩን ሲጨርሰው ነው። የዊልያምስ ክርክር ራሱን ብቻ ይዞ ለሚኖር ሰው በእርግጥም ይሠራል፤ ክርስቲያን ተስፋ የሚያደርገው ግን ያን አይደለም። አውግስጢኖስ በበኩሉ ዕረፍትን ያጎላል፤ ለደከመው ሰው እሱ ይሻላል። ለልጅ ግን ጎርጎርዮስን ይንገሯት፤ ልጅ ዕረፍት አይገባትም።

መዝሙሩንም ነገር ላስተካክል። መላእክት ምግባቸው ምስጋና ነው ይባላል፤ ምስጋና ለእነርሱ እንደ እህል ሕይወት ነው ማለት እንጂ ማለቂያ የሌለው መርሐ ግብር አለባቸው ማለት አይደለም። ልጅዎ የሰማችው ግን ቆማ የምትሰማው፣ እግሯን የሚያደክማት፣ መቼ ያልቃል የምትለው ረጅም ሰዓት ነው። አትፍረዱባት።

የዘላለም ሕይወት ከሞት በኋላ ብቻ ይጀምራል የሚለውም መታረም አለበት። ዮሐንስ 6፥54ን ቀስ ብለው ያንብቡ፦ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው፥ እኔም በመጨረሻው ቀን አስነሣዋለሁ።» «አለው» የአሁን ነው፤ «አስነሣዋለሁ» ገና የሚመጣ ነው። ልጅዎ ከቆረበች፣ የምትፈራው ነገር በሩቅ የሚጠብቃት እንግዳ አገር አይደለም፤ ጀምራዋለች። በዚህ ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም ከእኛ ብዙ አይለይም፤ ልዩነቱ በምን እንደምንካፈለው ላይ ነው።

አያቷን በተመለከተ የሰጧት መልስ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ትክክል አይደለም። የጻድቃን ነፍስ ከሞት በኋላ የምትቆየው በገነት ነው፤ ለወንበዴው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የተባለው ይህ ነው። መንግሥተ ሰማያት ከትንሣኤ ሙታንና ከፍርድ በኋላ፣ ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው የሚወርሱት ነው። በራእይ 6 የሰማዕታት ነፍሳት «እስከ መቼ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ጥቂት ዘመን እንዲያርፉ ይነገራቸዋል። ማለትም እነርሱም ይጠብቃሉ። የአርባው ጸሎትና ተዝካሩ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ሁሉ ያለቀለት ቢሆን ፍትሐት ባላስፈለገ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1336 በጳጳሱ በቤኔዲክቶስ 12ኛ የደነገገችው የነጹ ነፍሳት ከትንሣኤ በፊትም እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ያያሉ የሚል ነው፤ አድቬንቲስቶች ሙታን እስከ ትንሣኤ ያንቀላፋሉ ይላሉ፤ ወንጌላውያኑ በአብዛኛው ነፍስ ወዲያው ወደ ጌታ ትሄዳለች ይላሉ። ከጎረቤት ልጅ የተለየ ነገር ሰምታ ብትመጣ አይደንግጡ። ትንሣኤ ሙታን ላይ ሁሉም ይገናኛሉ።

ስለ ቅጣት ዘላለማዊነት አልጠየቁም፤ በአጭሩ ልለፈው። ማቴዎስ 25፥46 የዘላለም ቅጣትንና የዘላለም ሕይወትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው እንደተጻፈው ይዘውታል፤ በመጨረሻ ሁሉም ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል የሚለው የጥንቱ መምህር የኦሪጎን አሳብ ተቀባይነት አላገኘም። ይህ ግን ለአዋቂ የሚሆን ትምህርት ነው። ልጅዎ እንድታጠና ወይም እንድትታዘዝ ብለው ሲኦልን አያንሡባት፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የሚያነሣ ካለም ያስቁሙ። ማታ ስለ ዘላለም የምትጨነቅ ልጅ ቀን ስለ ገሃነም ስትሰማ ከዋለች የሚያስተኛት ነገር አይኖርም።

ምክሬ ቁጥሩን ጨርሶ ማቆም ነው። ሺህ ስትል ሚሊዮን አይበሏት፤ «አይዞሽ፣ አያልቅም» ማለትም ያባብስባታል፤ የፈራችው አለማለቁን ነውና። «ስንት ዓመት?» ስትልዎ «በዓመት አይቆጠርም» ይበሏትና ወደ «ከማን ጋር?» ይመልሷት። ዮሐንስ 17፥3ን በቃሏ ታጥና፤ የሙሴን ታሪክ ከዘጸአት 33 አብረው ያንብቡ። ሥጋዋ እንደሚነሣ፣ አያቷንም እንደምታውቀው በግልጽ ይንገሯት። ስለ አያቷ «ተሳስቼ ነበር፣ በገነት ነው እንዲያርፍ የምንጸልየው፣ ሁላችንም ትንሣኤን እንጠብቃለን» ቢሏት ክብርዎ አይቀንስም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ልጆች መጠበቅን ይረዳሉ። የማይመልሱት ጥያቄ ሲመጣ «አላውቅም፣ አባን እንጠይቃቸዋለን» ይበሉና በእርግጥም ይጠይቁ፤ የንስሐ አባትዎ ጊዜ ከሌላቸው ልጅ የማይቆጣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጉ። «እንዲህ ማሰብ ኃጢአት ነው» የሚል ሰው ጋር ግን አይውሰዷት። ይህን ሁሉ ንግግር በቀን ያድርጉት፤ በመኝታ ሰዓት አጭር ጸሎት ይበቃል፣ ክርክሩን ለነገ ያሳድሩት።

ያሉኝ ነገር ከአባትዎ ሞት በኋላ የጀመረ ነው። ስለዚህ ከጥያቄው ጀርባ ኀዘን እንዳለ አይርሱ፤ ዘላለምን ስትል አያቷን ማለቷ ሊሆን ይችላል። ስለ እርሱ ታውራ፣ ታልቅስ። ይህን አድርገው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች፣ ልቧ ሲመታባትና ትንፋሽ ሲያጥራት ካዩ፣ ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያሳዩዋት። ብርቱ ጭንቀት በማስረዳት ብቻ አይለቅም፤ ጠበል መውሰዱም ሐኪም ማየቱን አይከለክልም፣ ሁለቱንም ያድርጉ።